ቀድማ የተቀመጠች ሽማግሌ

ከአንኮበር ከተመለስኩ ወዲህ ድሬዳዋ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የነገሥታቱን ግቢ አየሽው ወይ ይለኛል። አላየሁትም። መጀመሪያ ጭጋግ ነበር፤ ጭጋጉ ሲገለጥ ደግሞ እኔ በግ ጋጥ ውስጥ ነበርኩ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ታሪክ ለሚፈልግ ሰው አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲጠና ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለው የሰው አገር ወሬ መስማት ለሚወዱ፣ ከደንገጎ አቀበት ወዲያ ማለፍ ግን ለማይፈልጉ የሰፈሬ ሰዎች ነው።

በመጀመሪያ እንዴት እንደ ሄድኩ ልናገር። የምሠራው የእንስሳት ደም በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የበግና የፍየል ደም ስመረምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በግን የማውቀው ግን በብልቃጥ ነው። በአካል የምንገናኘው ለኢድ ሲሆን ያኔም እሱ ሳህን ላይ ነው። አለቃዬ «አንድ ጤና» የሚባል ጥናት ጀምሯል። የሰው ጤና፣ የከብት ጤና፣ የውሃና የመሬት ጤና ለየብቻ አይታዩም፣ አንዱ ሲታመም ሌላውም አይተርፍም ይላል። እኔም እስማማ ነበር። ሁልጊዜ መስክ የሚወጣው ባልደረባችን ወገቡን ሲይዘው ግን እኔ እንደምላክ አላሰብኩም።

የተመረጥኩት ለአንዲት ምርመራ ነው። የበግ ደም ቀድተሽ ታቆሚዋለሽ፤ ሲረጋ ከላዩ ውሃ የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል። ከዚያ አንድ ጠብታ ወስደሽ ሮዝ ቀለም ካለው ፈሳሽ ጋር ነጭ ሰሌዳ ላይ ታደባልቂያለሽ። በጓ ብሩሴላ የሚባለው፣ ጽንስ የሚያስጨነግፈው በሽታ ካለባት ጠብታው ፍርፍር ይላል። ከሌለባት ለስልሶ ይቀራል። እጄ በዚህች ምርመራ የተመሰገነ ነው፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚያመሰግነው ሰው ባይኖርም።

ሰኞ

አውቶቡሱ ከድሬ ሲነሣ ገና አልነጋም ነበር። የምርመራውን ፈሳሽ በበረዶ ሳጥን አድርጌ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። እኛ ዘንድ የላቦራቶሪ ሙያ ግማሹ ሙቀትን መሸሽ ነው፤ ፈሳሹንም፣ ደሙንም፣ ሠራተኛውንም ሙቀት ያበላሻቸዋል። ስለዚህ በረዶ ተሸክሜ፣ ሹራብ ግን አንዲት ብቻ ይዤ ተነሣሁ። ይህን ዝግጅቴን ኋላ የደብረ ብርሃን ሰው እየተቀባበለ ስቆበታል።

አጠገቤ የተቀመጡት በንግድ የሚመላለሱ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። መኪናው በቆመ ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ይሉኛል። የበግ በሽታ መመርመሪያ ነው አልኳቸው። ሚኤሶ ላይ ይጠጣል ወይ አሉኝ፤ አይጠጣም አልኩ። አዋሽ ስንደርስ ሙቀቱ አላስችል ብሏቸው በረዶዋን ብቻ ለግንባራቸው ለመኑኝ። አንዷን ጥቅል ሰጠኋቸው። ግንባራቸው ላይ እንዳደረጉ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አዳማ ላይ ቀልጣ፣ ሞቃ፣ በብዙ ምርቃት መለሱልኝ። አዲስ አበባ ያደርኩት አክስቴ ቤት ነው፤ እሷም እንግዳ ከሩቅ አገር ባዶ ሆዱን የመጣ ይመስል እያጎረሰች አላስተኛ አለችኝ።

ማክሰኞ

ላምበረት ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደውን ሚኒባስ ስጠይቅ ረዳቱ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ልብስ የት አለ አለኝ። ለብሻለሁ አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ሻንጣዬን ጫነ። ሸኖን ስናልፍ መልስ ያልሰጠኝ ለምን እንደ ሆነ ገባኝ። መስኮቱ አይዘጋም፤ ሾፌሩ ሞተሩ ይሞቃል ብሎ ያጽናናናል። የሞተሩን ሙቀት ግን የሚያገኘው እሱ ብቻ ነበር። ጫጫ ላይ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ ሳትጠይቀኝ ግማሹን ደረበችልኝ። ስሟን እንኳ ሳላውቅ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን ደብረ ብርሃን ገባን። ድሬ ላይ እንዲህ ከተጠጋን ሁለታችንም እንቀልጣለን።

ሆቴሉ ክፍል ስይዝ ከልማድ የተነሣ ቬንትሌተር አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። እንግዳ ተቀባዩ ጎበዝ ልጅ ነው፤ አልሳቀብኝም። ብቻ ከጓዳ ሌሎቹን ጠርቶ ያልኩትን እንድደግምላቸው ለመነኝ። ቀጥዬ ለበረዶዎቼ ማቀዝቀዣ እንዲሰጡኝ ስጠይቅ ግን ሳቁን ሊችለው አልቻለም። እየሳቀ ወስዶ መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደራቸው። ጠዋት አክስቴ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካደሩበት ይልቅ ጠጥረው አገኘኋቸው።

ማታ ራት ላይ አብሮኝ የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም፣ ዶክተር ጌታነህ፣ መጣ። የዚያው አገር ልጅ ነው። ቃል ሲናገር ከኪሱ የሚያወጣ ይመስል ይሰስታል። ነገሩን ግን በደንብ አስረዳኝ። ነገ የምንሄደው ከጎረቤላ ወጣ ብሎ ወዳለ መንደር፣ እማማ አሰለፈች የተባሉ አሮጊት ቤት ነው። በጎቻቸው ተራ በተራ እየጨነገፉ ነው። ምራታቸው ወይንሸት ነፍሰ ጡር ናት፤ አምና አንድ ጽንስ ወርዶባታል። ምጥ የጠናባትን በግ ሁሉ የምታዋልደውም እሷ ናት፤ እጇ ቀጭን ስለ ሆነ ጎረቤት እንኳ ይጠራታል። በሽታው ደግሞ ከሚወለደው ግልገልና ከእንግዴ ልጁ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ እርጉዝ ሴት ላይ ሲሆን ይከፋል። አሁን በጎቹ የሚወልዱበት ሰሞን ነው።

ዶክተሩ ይህን አንድ ጊዜ ለእማማ አሰለፈች ሊነግራቸው ሞክሮ ነበር። አረቄ ቀድተውለት የመንገዱን ነገር አንሥተው አወሩት። ስለዚህ ምርመራውን ዓይናቸው እያየ እንድሠራው ይፈልጋል። ያላዩትን አያምኑም አለኝ። እኔም የማሳየት ችግር የለብኝም፣ በጓን የሚይዝልኝ ሰው ካለ አልኩ። ዶክተሩ ያን ጊዜ ወደ ራቱ አጎነበሰ። ማጎንበሱን በወቅቱ አልተጠራጠርኩትም።

ረቡዕ

የዶክተሩ አሮጌ ላንድክሩዘር ማሞቂያ የለውም፤ እሱም እስኪነግሩት ድረስ ማሞቂያ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ አይመስልም። ሜዳው ሁሉ ውርጭ አድርጎ ነጥቷል። እኛ አገር ነጭ መሬት ካየሽ ጨው ነው። ጎረቤላ ልንደርስ ስንል መኪናውን አቁሞ አወረደኝና፣ ከዚህ ሆኖ ታች እስከ አፋር በረሃ ይታያል አለኝ። የታየኝ ጭጋግ ነበር። በረሃ ያለበትን አቅጣጫ ብቻ ጠይቄ፣ ፊቴን ወደዚያ አዙሬ ትንሽ ቆምኩ።

እማማ አሰለፈች ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ሹራቤን አይተው ምንም ሳይናገሩ ገቡና ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ከዚያች ሰዓት እስክሄድ ድረስ አላወለቅሁትም። ስሜ ራህማ መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ ልጃቸውን ደምሴን፣ የወይንሸትን ባል፣ ቁልቁል ወደሚገኘው መንደር ላኩት። ለምን እንደ ላኩት ያወቅሁት ኋላ ነው።

ደም መቅዳቱ ተጀመረ። ዶክተሩ ከአንገት ሥር ይቀዳል፤ በጓን የምይዘው እኔ መሆኔንም ያን ጊዜ ነገረኝ። የመጀመሪያዎቹ ትሑት በጎች ነበሩ። በመጨረሻ ንግሥት መጣች። ንግሥት የእማማ አሰለፈች ዓይን ናት፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ሊደርስላት ትንሽ የቀራት ናት። አንገቷን እንዳቀፍኳት እኔን እንደ ጭነት ይዛ ግቢውን ዞረች፣ ጭቃው ላይ ጎተተችኝ፣ ከድንጋይ አጥሩ ጋር አላትማኝ ቆመች። ጉልበቴ ተላጠ። አልለቀቅኋትም፤ ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፣ ጣቶቼ በብርድ ደርቀው አልዘረጋ ብለውኝ ነው።

ወይንሸት ልትረዳኝ ሮጣ መጣች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ናት። ዶክተሩ አንቺ አትንኪያት ሲላት ባለችበት ቆመች። እማማ አሰለፈች ይህን ሰሙ። ፊታቸው ጠቆረ፤ ወደ ቤት ገብተው ለረጅም ጊዜ አልወጡም።

ደምሴ የተላከው ለካ ሼህ ኑርዬን ሊጠራ ነው። ቤቱ የክርስቲያን ስለ ሆነ ለእኔ ዶሮ የሚያርድልኝ ሙስሊም ሲፈለግ፣ ሽማግሌው ያን ሁሉ አቀበት በከዘራ ወጥተው መጡ። ቢስሚላህ ብለው አረዱልኝ። የራሳቸውን ቤት ቀሪቦ፣ የማያሰክረውን መጠጥም፣ በጀሪካን ይዘውልኝ መጥተዋል። ኀፍረቴ የጀመረው ማዕዱ ሲቀርብ ነው። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ቤተሰቡ ይጾማል። እነሱ ሽሮ እየበሉ የዶሮው ወጥ ለእኔ ብቻ ቀረበ። ሼህ ኑርዬ እንኳ ሆዴን አሞኛል ብለው ሸሹ። የሸሹበት ምክንያት በመጀመሪያው ጉርሻ ገባኝ። በጾም ቀን ወጥ የሚሠራ ሰው ጨው አይቀምስም። ወይንሸት ጨምራ ነበር፤ እማማ አሰለፈች ይህን ሳያውቁ እሳቸውም ጨምረዋል። ሁሉም ምነው አልበላሽም እያሉ ስለሚያዩኝ አንጀቴ እየተቃጠለ ጨረስኩት። ቀሪቦውን ባያመጡልኝ ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር።

ሌላ ችግር ነበር። ድሬ ላይ ደም ጠረጴዛ ላይ ካኖርሽው ሻይሽን ሳትጨርሺ ይረጋል፣ ውሃው ይለያል። እዚህ ብርዱ አላረጋ አለው። በረዶ አገር አቋርጬ ተሸክሜ መጥቼ የጎደለኝ ሙቀት ሆነ። ምድጃ አጠገብ እንዳላኖረው ደግሞ እንዳይበስልብኝ ፈራሁ። ዶክተሩ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ባናው አየ፤ የሚለውን ሳይለኝ አወቅሁት። ብልቃጦቹን በሻርፕ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዤ ተኛሁ። እማማ አሰለፈች ጠዋት ወንዝ ለወረደው ሁሉ፣ ያቺ የቆላዋ ልጅ የበግ ደም ታቅፋ አደረች፣ እንግዲህ ምን እንደምትፈለፍል እናያለን ብለው ነገሩ። ደሙ ግን አምሮበት ረግቶ ነበር።

ሐሙስ

ከቁርስ በኋላ ሰሌዳዬን መደብ ላይ ዘረጋሁ። ሰሌዳ እያልኩ አከበርኩት እንጂ ነጭ የመታጠቢያ ቤት ሸክላ ነው። እማማ አሰለፈች ከአጠገቤ ተቀመጡ። እያንዳንዷን ጠብታ የማን በግ እንደ ሆነች እየተናገርኩ ከሮዙ ፈሳሽ ጋር አደባለቅሁ፣ ሸክላውን ወዲህ ወዲያ አወዛወዝኩ። የሌሎቹ ለስልሶ ቀረ። የንግሥት ግን ገና ሳላወዛውዘው እንደ ተበጣጠሰ ወተት ሆነ። ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እማማ አሰለፈች ጠብታዋን አጎንብሰው ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ቀና ብለው፣ ወተትም ይበጣጠሳል፣ ላሚቱ ግን በዚያ ምክንያት አትታረድም አሉ። ዶክተሩ ባጠረ ቃሉ ሞከረ። ንግሥት ወደ ቄራ ትሂድ፣ ወይንሸት ደሟን ጤና ጣቢያ ትመርመር፣ ከእንግዲህም በግ አታዋልድ አላቸው።

«አሁን በጎችሽ የልጅ ልጅሽን በሉት ልትሉኝ ነው» አሉት እማማ አሰለፈች። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ነገሩ እዚህ ላይ ተቋጠረ። ወይንሸት አማቷን ጥሳ ጤና ጣቢያ አትሄድም። ደምሴ እናቱን አይናገርም፤ ስንጠይቀው እናቴን ምን ብዬ ብሎ መሬት መሬት ያያል። እኔ ድሬ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም በአንድ ጊዜ እየጮህን፣ ጎረቤትም ገብቶበት፣ ከምሳ በፊት እንጨርሰው ነበር አልኩ። ዶክተሩ እዚህ ሽማግሌ ይላካል አለኝ።

ደምሴ ሽማግሌ ላከ። አንደኛው የእማማ አሰለፈች የንስሐ አባት፣ አባ ወልዴ ናቸው። ሁለተኛው ሼህ ኑርዬ ናቸው፤ እሳቸው የራሳቸውም ጉዳይ አላቸው። ለካ እዚያ መንደር የጨነገፈ ግልገል ከነእንግዴ ልጁ ገደል ይወረወራል፤ ከገደሉ ሥር ያለው ምንጭ ደግሞ የሼህ ኑርዬ መንደር የሚጠጣው ነው። ከላይ የምትጥሉት ከታች ይደርሰናል አሉን። አለቃዬ በብዙ ስብሰባ ያላስረዳኝን ሼሁ በከዘራቸው ወደ ታች ጠቁመው ጨረሱት። ሦስተኛው ሽማግሌ ለቅሶ ሄዶ አልተገኘም። ሽማግሌ ሁለት አይሆንም ተባለና፣ የበሽታውን ነገር እንዳስረዳ ተብሎ ሦስተኛ እኔ ገባሁ። ዕድሜዬ ለሽምግልና ባይደርስም ባናው አስከብሮኛል።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈቀድለት እንደማይቀመጥ ነው። እኛም አገር ሽማግሌ አለ፤ ግን እኛ መጀመሪያ እንቀመጣለን፣ ሙቀት ላይ ቆሞ የሚለምን የለም።

ገባን። እማማ አሰለፈች ምን እንደ መጣባቸው አውቀዋል፤ ኖር ተቀመጡ አሉ። አባ ወልዴ በትራቸውን ተደግፈው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ሼህ ኑርዬም አንቀመጥም አሉ። እኔ የሰማሁት ተቀመጡ የሚለውን ብቻ ነበር። ጉልበቴ ንግሥት ካላተመችኝ ወዲህ ያመኛል፤ ደስ ብሎኝ መደቡ ላይ ዘፍ አልኩ።

ሼህ ኑርዬ ሳል ያዛቸው። አባ ወልዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እማማ አሰለፈች ግን ፊታቸው በራ፤ ከመጣሁ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «አንዲቷ ከተቀመጠች ሦስታችሁም ተቀምጣችኋል። ነገሩ አልቋል፤ በይ ወይንሸት፣ ለአባ ጠላ ቅጂላቸው» አሉ።

ቶሎ ብዬ ልነሣ ስል፣ የተቀመጠ ሽማግሌ አይነሣም ብለው በእጃቸው ጫን አደረጉኝ። ደምሴ ከዶክተሩ ጋር በር ላይ ቆሞ ራሱን ያዘ። ሌሎቹ ሁለቱ ቢቀመጡ ልመናው ይፈርሳል፣ ቢቆሙ እኔን ይክዳሉ፤ ስለዚህ እንደ ቆሙ ተያዩ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የፈለግሁበት ጊዜ የለም።

ይህን ጊዜ ከጋጡ የበግ ጩኸት መጣ። ጋጡ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከመደቡ ዝቅ ብሎ ነው። ንግሥት ተኝታ ትገፋለች። ወይንሸት ማንም ሳይጠራት የጠላውን ጣሳ አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ተነሣች። እጇ ለምዷል። የሚያስቆማት የለም፤ ባሏም፣ ሽማግሌዎቹም፣ ዶክተሩም የእማማ አሰለፈችን ፊት ያያሉ።

ለእኔ ከዚህ በላይ የሚዋረድ ክብር አልቀረኝም ነበር። ተነሥቼ መንገዷ ላይ ቆምኩ።

«እማማ» አልኳቸው፤ «ያምናው በምን እንደ ወረደ እኔ አላውቅም። ይህ ፈሳሽም አያውቅም። በጎችዎ ናቸው ብሎ የሚነግርዎ ሰው ቢመጣ አይመኑት። እኔ የማውቀው ዛሬ ንግሥት ውስጥ ያለውን ነው። እርስዎም አይተውታል።»

እሳቸውም ለእኔ ሳይሆን ለምድጃው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «አምና በዝናብ ከአልጋዋ አስነሥቼ በግ እንድታዋልድ የላክኋት እኔ ነኝ። እሷ ደክሞኛል ብላ ነበር» አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሴትዮዋ አልገባቸው ብሎ አልነበረም። ከሁላችንም በፊት ገብቷቸው፣ ብቻቸውን ይዘውት ነው የከረሙት። ስቀልድባቸው መሰንበቴ አሳፈረኝ።

እማማ አሰለፈች ተነሡ። ወይንሸትን ትከሻዋን ይዘው እኔ የተነሣሁበት መደብ ላይ አስቀመጧትና ወደ ጋጡ ወረዱ። ዶክተሩ እስከ ክንድ የሚደርስ የፕላስቲክ ጓንት ሰጣቸው። በመጀመሪያ አውራ ጣቱን በትንሿ ጣታቸው አስገቡት፤ ከዚያ ሲያስተካክሉ ግራውን በቀኝ አደረጉት። የእኔን ድርሻ ታውቁታላችሁ፤ ራሷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ንግሥት ፊቴ ላይ ትተነፍሳለች፣ እኔ በአፍ መሸፈኛዬ ውስጥ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እላለሁ። የእማማ አሰለፈች ጣቶች በቁርጥማት ደርቀዋል፤ ላባቸው በብርዱ ውስጥ ይወርዳል። ወይንሸት ከመደቡ ሳትነሣ፣ እግሩን አይሳቡ፣ መጀመሪያ ራሱን ያዙሩ እያለች ትመራቸዋለች። ምራት አማቷን እንዲህ ስታዝዝ አባ ወልዴ አማተቡ።

ግልገሉ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ደካማ ሆኖ ወጣ። ዶክተሩ ደረቱን አሸው፤ አነጠሰ። እንግዴ ልጁን ወደ ገደሉ የሚወስደው አልነበረም። ጓሮ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ጥልቀቱን ያላመኑት ሼህ ኑርዬ በከዘራቸው እየለኩ ደምሴን ደጋግመው አስቆፈሩት።

እማማ አሰለፈች ጓንታቸውን አውልቀው፣ እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጥበው ተመለሱ። አባ ወልዴ አሁንም በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ወይንሸት ነገ ከሐኪሙ ጋር ሄዳ ትመርመር። በግ እኔ አዋልዳለሁ» አሉ እማማ አሰለፈች። «ንግሥትን ግን አልሰጥም። እናንተም አሁን ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ ከእኔ በላይ ዘፍ አሉ። ግማሹ ተፈቅዶልናል። ዶክተሩ ግን ንግሥት እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከወይንሸት ጋር ባንድ ጣሪያ ሥር እስካለች ድረስ ምኑ ተፈቀደ ብሎ ከፋው።

ዓርብ

ወይንሸት ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠን ወደ ደብረ ብርሃን ወረድን። ባናውን ልመልስ ስል እማማ አሰለፈች አልቀበል አሉኝ። ድሬ ላይ ባና ምን አደርጋለሁ ብላቸው፣ ሙቀት ሁሌ አይኖርም፣ ብርድም ይመጣል አሉኝ። አሁን ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሁሉ እያየው ያልበዋል።

ወይንሸት መንገድ ላይ ቢገኝብኝስ ብላ ጠየቀችን። ዶክተሩ መድኃኒት አለው፣ ጤና ጣቢያ ይከታተሉሻል አላት። ለራሷ ሳይሆን ለአማቷ እንደምትፈራ ነገረችኝ። ቢገኝብኝ እማማ ራሳቸውን ይጎዳሉ፣ አምና ከወረደብኝ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ማዕድ ሲቀርቡ ዓይኔን አያዩም አለች። አንዲት ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች እንዲህ ሲፈራሩ መክረማቸው በጣም አሳዘነኝ።

ጤና ጣቢያው ደሟን ወሰደ፣ የጽንሱንም ልብ ትርታ አዳመጠ። የቆየነው ደጅ ያለ አግዳሚ ላይ ነው። እኔ የሰው ሥራ ስለ ሆነ ዝም በይ ብዬ ራሴን ብይዝም፣ በየመሐሉ እየገባሁ ፈሳሹ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ሞቅ ብሏል ወይ እያልኩ ባለሙያዋን ሳስቸግራት ቆየሁ። በመጨረሻ ራሷ ወጥታ ውጤቱን ነገረችን። ነጻ ነው። ወይንሸት አፏን በሁለት እጇ ሸፈነች።

መኪናው ውስጥ ገብተን ዶክተሩ ለእማማ አሰለፈች ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ወይንሸት ነጻ መሆኗን፣ ጽንሱም ደህና መሆኑን ነገራቸው። መስመሩ የተቋረጠ መሰለን። ከዚያ ያቺን የቆላዋን ልጅ አቅርብልኝ አሉት።

«ያምናውስ?» አሉኝ።

ማወቅ እንደማይቻል ነገርኳቸው። የበሽታው ምልክት ግን በደሟ ውስጥ እንዳልተገኘ፣ ከዚህ በላይ ልል እንደማልችል ጨመርኩላቸው። በስልኩ ውስጥ ግልገሉ ሲጮህ ይሰማል። እኔ አሁን በጎቼ ንጹሕ ናቸው ብለው ንግሥትን ለዘላለሙ ሊያስቀሯት ነው ብዬ ጠበቅሁ። ዶክተሩም እንዲሁ የጠበቀ ይመስላል፤ ራሱን መሪው ላይ አስደግፏል።

«እንግዲያው ንግሥትን ዛሬውኑ መጥታችሁ ውሰዷት» አሉ። «ልጄን እንዳትነካብኝ።»

ወይንሸት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዶክተር ጌታነህ እኔን ወደ መናኸሪያ ሊያደርሰኝ የነበረውን መኪና አስነሥቶ ወደ አንኮበር መለሰው። አውቶቡሱ አመለጠኝ፤ እኔም ምንም አላልኩም።